ያፓ፦ ከሒሳብ በኋላ የሚጨመረው

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን አንድ አጭር ቃል ይዘን እንቆያለን። ቃሉ «ያፓ» ይባላል፤ ምንጩ ኬችዋ ነው። ኬችዋ የኢንካ መንግሥት ይሠራበት የነበረ፣ ዛሬም ከደቡብ ኮሎምቢያ አንስቶ በኢኳዶር፣ በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች በኩል እስከ ሰሜን አርጀንቲና የሚነገር የአንዲስ ቋንቋ ነው። በፔሩ ብቻ በ2017 በተካሄደው ቆጠራ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ኬችዋ መሆኑን ተናግሯል። በነገራችን ላይ በዚህ ዝግጅት የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያፓ ግን በኬችዋ ተናጋሪዎች ዘንድ ብቻ አልቀረም። አንዲት የኬችዋ ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መናገር የማይችል፣ በስፓኒሽ ብቻ ያደገ የሊማ ወይም የኪቶ፣ የሳንቲያጎ ወይም የቦነስ አይረስ ሰው እንደ ራሱ ቃል ይጠቀምበታል። ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉሙን ማስረዳት አያደክምም፤ ምራቂ ማለት ነው። ዋጋው ተቆርጦ፣ ዕቃው ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ ሻጯ ከዚያው ዕቃ ላይ አንስታ የምታክለው ነው። እንግዲህ ትርጉሙ የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው ስፓኒሽን የሚያህል፣ የድል አድራጊዎችና የገዢዎች ቋንቋ ይህን ቃል ከተገዢዎቹ ለምን ተበደረ የሚለው ነው። ዛሬ የምንሟገተውም በዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በኩስኮ ከተማ ሳን ፔድሮ በሚባለው ገበያ ጁስ ሻጮች ጎን ለጎን ተደርድረው የሚሠሩበት ረድፍ አለ። ገዢው ከሻጯ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፓፓያ ወይም አናናስ ወይም ከብርቱካን ጋር የተቀላቀለ ያዛል፤ የሚከፍለው ለአንድ ብርጭቆ ነው። ሻጯ መፍጫው ውስጥ የምትከተው ፍራፍሬ ግን ከአንድ ብርጭቆ ይበልጣል። ብርጭቆውን ሞልታ ትሰጠዋለች፣ የተረፈውን እዚያው መፍጫው ውስጥ ታቆየዋለች። ገዢው ጠጥቶ ሲያጋምስ ወይም ሲጨርስ ተመልሳ የቀረውን ትገለብጥለታለች። ያፓው ይህ ነው። ድንች ተራ ብንሄድ ደግሞ ሻጯ ኪሎውን መዝና ከረጢቱ ውስጥ ካፈሰሰች በኋላ እጇን ወደ ክምሩ ሰደድ አድርጋ ሁለት ሦስት ፍሬ ታክላለች። ከዘነጋች፣ ወይም የዘነጋች ከመሰለች፣ ገዢዋ በኬችዋ «ያፓይኩዋይ፣ ማማይ» ትላታለች፤ እባክሽ መርቂልኝ እናቴ እንደ ማለት ነው። በስፓኒሽ ከሆነ «ያፓሜ፣ ካሴሪታ» ነው። ልብ በሉ፣ በሁለተኛው ላይ የኬችዋው ግንድ የስፓኒሽ ቅጥያ ለብሶ ግስ ሆኗል፤ «መርቂኝ» የሚል አዲስ የስፓኒሽ ግስ።

ካሴራ ወይም ካሴሪታ የምትለዋ ቃል ለብቻዋ ልትታይ የሚገባት ናት። በፔሩና በቦሊቪያ ገበያ ሻጯ ዘወትር ከእሷ የምትገዛውን ሴት ካሴራ ትላታለች፤ ገዢዋም ሻጯን መልሳ ካሴራ ትላታለች። አማርኛ «ደንበኛዬ» የሚለውን ቃል ከባንኮኒው ወዲህም ወዲያም እንደሚጠቀምበት ማለት ነው። ያፓ የሚሰጠውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ለማያውቋት መንገደኛም ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ነገ ተመልሰሽ ነይ የሚል መልእክት አለው። ከዚህ ሁሉ ሦስት ያልተጻፉ ደንቦች ይወጣሉ። ያፓ የሚመጣው ከክርክር በኋላ እንጂ በክርክር መካከል አይደለም። ከተሸጠው ዕቃ ከራሱ ይሰጣል፤ ለድንች ድንች፣ ለጁስ ጁስ። ደግሞም አይመዘንም፤ የሻጯ እጅ ራሱ መስፈሪያው ነው። እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፣ ኋላ ለክርክራችን ያስፈልጉናል።

አንድ ቋንቋ ከሌላው ቃል ለምን ይበደራል ቢባል ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ስለሚጎድለው የሚል ነው። ነገሩ በአገሩ አልነበረም፣ ስሙም አልነበረም፤ ነገሩን ሲያገኝ ስሙን አብሮ ወሰደ። ይህ አስተሳሰብ መሠረት የለውም አልልም። ስፔኖች ከኬችዋ ከወሰዷቸው ቃላት ብዙዎቹ እንዲህ የመጡ ናቸው፦ ኮንዶር የተባለው ግዙፍ አሞራ፣ ላማ የተባለው የጭነት እንስሳ፣ ፑማ፣ ኪኑዋ፣ ኮካ። እኛም ሳናውቀው ከዚህ ገበታ ቆርሰናል። በአማርኛ የሚዋጥ መድኃኒትን ሁሉ ኪኒን የምንለው ከወባ መድኃኒቱ ከኩዊኒን ነው፤ ኩዊኒን የሚለው ስም ደግሞ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት በ1820 መድኃኒቱን ለይተው ካወጡበት የአንዲስ ዛፍ ልጥ፣ ከኪና የተወሰደ ሲሆን መዝገበ ቃላት ኪናን ወደ ኬችዋ ይመልሱታል። ኮካ ኮላ ያዘዘም ሰው ግማሽ ስሙን በኬችዋ ነው የጠራው። እነዚህ ሁሉ በጉድለት ይብራራሉ። ያፓ ግን በዚህ አይብራራም፤ ስፔኖች ምራቂ የሚባለውን ነገር አሳምረው ያውቁት ነበርና። ስምም ነበራቸው፤ «አዴአላ» ይሉታል፣ ከዋጋው በላይ በነጻ የሚጨመር ማለት ነው። ይህ ቃል ራሱ ከዓረብኛ እንደመጣ ይታሰባል። ማለት ስፔኖች አንዲስ ሲደርሱ ነገሩም ስሙም በጓዛቸው ውስጥ ነበር። እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን የአገራቸውን ቃል ጣሉና የገበያይቱን ሴት ቃል አነሱ። ዛሬ አዴአላ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ተቀምጧል፣ ያፓ በመንገድ ላይ ይጮኻል።

ክርክሬ እንግዲህ ይህ ነው፤ የተበደሩት ቃል ሁልጊዜ የተበዳሪውን ጉድለት አያሳይም። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ቃሉ በተሻገረበት ስፍራ ሥራውን በእጁ የያዘው ማን እንደነበረ ነው። ያፓ የተሻገረው በገበያ ነው፤ በዚያ ገበያ ስፔናዊው ገዢ ነበር፣ የአንዲስ ሴት ሻጭ ነበረች። ገዢው ብር ይዟል፣ መንግሥትም የእሱ ነው፤ ቅርጫቱ ግን የእሷ ነው፣ ከቅርጫቱ የሚወጣውን የምትለካው እጅም የእሷ ናት። የሚፈልገውን ጭማሪ ለማግኘት በሚገባት ቃል መጠየቅ ነበረበት። የዚህ ዓይነት ምስክር ቃል ያፓ ብቻ አይደለም። በቺሊና በኢኳዶር ስፓኒሽ ሕፃን «ጉዋጉዋ» ይባላል፤ ከኬችዋው «ዋዋ» የመጣ ነው። ስፔኖች ሕፃን ምን እንደሆነ ለማወቅ ባሕር መሻገር አላስፈለጋቸውም፤ ሕፃናቱን ያዘሉትና ያጠቡት የአገሬው ሴቶች ስለነበሩ ቃሉ ከጡት ጋር ገባ። ወደ ራሳችን ብንመለስም አማርኛ «ደኅና ሁን» ጠፍቶበት አይደለም ከጣሊያንኛ «ቻው»ን የወሰደው።

አሁን ወደ ማስረጃው ጠለቅ እንበል። ፍራንሲስኮ ፒሳሮ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ካሃማርካ ላይ የማረከው በ1532 ነው። በ1545 ዛሬ ቦሊቪያ በምትባለው አገር ፖቶሲ በተባለው ተራራ ላይ ከፍተኛ የብር ማዕድን ተገኘ። ፖቶሲ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር ከፍ ያለ ብርዳም ስፍራ ነው፤ እዚያ የሚበቅለው ነገር ኢምንት ነው። ሆኖም በአጭር ዘመን ውስጥ በጊዜው ከነበሩት የዓለም ትልልቅ ከተሞች አንዷ ተነሣችበት። ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን ይመግበው? ኮካው ከኩስኮ በታች ካሉት ቆላማ ሸለቆዎች ይመጣል፤ የቺቻ ጠላ የሚጠመቅበት በቆሎ ከኮቻባምባ ሸለቆ ይመጣል፤ ድንቹና በብርድ የደረቀው ድንች፣ ቹኞ የሚባለው፣ ከዙሪያው ደጋ ይመጣል። ይህን በችርቻሮ የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። የገበያው ስም በኬችዋ «ቃቱ» ነው፤ ስፔኖች ይህንኑ ስም ወስደው ሻጮቹን «ጋቴራ» አሏቸው። የታሪክ ተመራማሪዋ ጄን ማንጋን በ2005 ባሳተመችው የፖቶሲ ንግድ ታሪክ ላይ እነዚህ ሴቶች በከተማይቱ ኢኮኖሚ ውስጥ የነበራቸውን ስፍራ በሰፊው ታሳያለች፤ ዳቦና ቺቻ ብቻ ሳይሆን ብድርም በእጃቸው ያልፍ ነበር። ገበያው ቃቱ፣ ሻጯ ጋቴራ፣ ጭማሪው ያፓ። የስፔን ዘውድ የብሩን አንድ አምስተኛ ግብር ሲሰበስብ በዚያው ከተማ የእለት ጉርስ የሚገዛበት ቋንቋ የዘውዱ ቋንቋ አልነበረም። እዚያው ተራራ ላይ ቃሉ ሌላም ሥራ አግኝቷል። ብሩን ከድንጋዩ ለመለየት በማዕድኑ ላይ የሚጨመረው ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ በማዕድን ባለሙያዎች ዘንድ ያፓ ይባል ነበር፤ የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ይህን ፍቺ ዛሬም ይዘውታል። ማዕድን ቆፋሪውም ምግብ ሻጯም የአንዲስ ሰዎች በሆኑበት ስፍራ «ጨምር» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሥራ መያዙ አይደንቅም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ከአንትሮፖሎጂ ነው። ጆን ሙራ የተባለው ታላቅ የአንዲስ አጥኚ እንዳስረዳው፣ የአንዲስ ማኅበረሰቦች ከደጋም ከቆላም የሚያስፈልጋቸውን የሚያገኙት በንግድ ሳይሆን በየከፍታው የራሳቸውን ሰዎች በማስፈር ነበር፤ ከእያንዳንዱ ከፍታ የሚገኘው ምርት በዘመድ አዝማድ መካከል ይዘዋወራል። የኢንካ መንግሥት ገንዘብ አልነበረውም። ታዲያ ገንዘብና ንግድ እምብዛም ባልነበረበት ዓለም የገበያ ምራቂ ከየት መጣ? ተቃውሞው ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የሚመታው፤ ክርክሬን ግን ከማፍረስ ይልቅ ያጠራዋል። በኬችዋ ያፓ የሚለው ሥር መሠረታዊ ትርጉሙ መጨመር ነው፤ ጨው ወጥ ላይ ቢታከል፣ ውሃ ጋን ላይ ቢሞላ፣ ሁሉም ያፓ ነው። በአንዳንድ ቀበሌኛዎች እንዲያውም «እንደገና» ማለት ይሆናል። ዲዬጎ ጎንሳሌስ ኦልጊን የተባለው ኢየሱሳዊ በ1608 ሊማ ላይ ባሳተመው የኬችዋ መዝገበ ቃላት ውስጥም ሥሩ በዚህ በመጨመር ትርጉሙ ይገኛል። ጎረቤቱ የአይማራ ቋንቋም ይህንኑ ሥር በዚሁ ትርጉም ይጠቀምበታል። ስለዚህ የገበያው ምራቂ ከኢንካ ዘመን ተጠቅልሎ የተቀመጠ ቅርስ ነው የምል ከሆነ ተሳስቻለሁ፤ እንዲያ አላልኩም። የአገሬው ሴቶች ብር በሚቆጠርበት አዲስ ገበያ ውስጥ ሲገቡ፣ ለአዲሱ ልማድ ከቤታቸው ያመጡትን የቆየ ግስ ሰጡት። ስፔናዊው ደግሞ ያን ልማድ በገዛ አገሩ ስም ሊጠራው ሲችል በእነሱ ስም ጠራው። ገበያው አዲስ፣ የገበያው ሥርዓት ከሁለቱም ወገን የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ቃሉን የመረጡት ግን ሻጮቹ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቀለል ያለ ነው፤ ምራቂ የሌለው አገር የት አለ ይላል። እውነት ነው። ሜክሲኮ «ፒሎን» ትለዋለች፣ ኩባ «ኮንትራ»፤ እንግሊዞች ደርዘን ዳቦ ለገዛ አሥራ ሦስተኛ የሚጨምሩበት ልማድ ነበራቸው፤ እኛም አለን። ይህ ተቃውሞ ግን ያፓን የአንዲስ ፈጠራ ነው ለሚል ሰው እንጂ ለእኔ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ በየአገሩ መኖሩ ጥያቄውን ያጠብቀዋል፤ ነገሩ ሁሉም ጋ ካለ ስፓኒሽ ቃሉን የሚበደርበት ምክንያት ከነገሩ ውጭ መፈለግ አለበት። የሜክሲኮን ጉዳይ ተመልከቱ። እዚያም የአገሬው ቋንቋ፣ ናዋትል፣ ብዙ ቃላት ለስፓኒሽ ሰጥቷል፤ ቸኮሌትና ቲማቲም ከዚያ ነው የመጡት። ለምራቂ ግን ስፓኒሽ የራሱን ቃል ፒሎንን ተጠቀመ። ስለዚህ የተገዢ ቋንቋ ሁሉ በየገበያው ያሸንፋል የሚል ሕግ የለኝም። የአንዲስ ገበያ የአንዲስን መልስ ሰጠ ነው የምለው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሚያነሣው የምጣኔ ሀብት ሰው ነው። ሻጯ ያፓ እንደምትሰጥ አስቀድማ ታውቃለች፣ ስለዚህ ዋጋው ውስጥ አስገብታዋለች፤ ጁስ ሻጯ አንድ ብርጭቆ ሸጥኩ ብትልም የምትሸጠው አንድ ብርጭቆ ተኩል ነው። ያፓ ቅናሽ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚያምረው። ይህን ክርክር እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የረጅም ጊዜ ሒሳብ ቢሠራ ሻጯ ከኪሳራ ያልወጣችበት ያፓ ሊኖር አይችልም። ደግሞ ሲመሽ የሚጠወልግ ቅጠል ወይም መፍጫ ውስጥ የቀረ ጁስ መስጠት ብዙ አያስወጣም። ነገር ግን ቅናሽና ያፓ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ገዢዋ ሁለቱን እያቀያየረች በተጠቀመች ነበር፤ ልማዱ ግን አይፈቅድላትም። ዋጋ ላይ የምትከራከረው ከመመዘኑ በፊት ነው፤ ያፓ የምትጠይቀው ከተመዘነ በኋላ ነው። ያፓውን በሳንቲም መልሺልኝ ብትል ነገሩ ይበላሻል። እዚህ ላይ ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ሦስቱ ደንቦች የሚያስፈልጉን፤ ኋላ መምጣቱ፣ ከዕቃው ከራሱ መሆኑና አለመመዘኑ ያፓን ከሒሳብ ያስወጡታል። ሒሳቡ ተዘግቷል፣ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ከዕዳ ውጭ ነው። ቅናሽ የዛሬን ግብይት ያፈጥናል፤ ያፓ ግን የዛሬው ካለቀ በኋላ ስለሚሰጥ ለዛሬው ሊጠቅም አይችልም፣ የሚጠቅመው ለነገው ነው። በዚያ ላይ የመስፈሪያው ነገር አለ። ሚዛኗ ቢያጭበረብር ገዢዋ እዚያው ቆማ ልታረጋግጥ አትችልም። በእጅ የሚጨመረው ሁለት ሦስት ፍሬ ድንች ለሚዛኑ መተማመኛ ይሆናል፣ ጎድሎም ቢሆን ይህ ይሙላበት ዓይነት። የምጣኔ ሀብት ሰው ይህንንም በቋንቋው ሊገልጸው ይችላል፤ እስማማለሁ። ግን ያን ጊዜ ቅናሽ ሳይሆን መተማመን ነው የገለጸው።

ቃሉ ከአንዲስ ውጭ የሄደበትን መንገድ ሳናነሣ ብናልፍ ክርክሩ ጎደሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም አንዲት የኬችዋ ሻጭ እንኳ ወደማትገኝበት ስፍራ ደርሷል። በካሪቢያን ዙሪያ ያፓ «ኛፓ» ሆነ። ስፔን ከ1760ዎቹ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሉዊዚያናን ስትገዛ ቃሉ ከስፓኒሽ መስተአምሩ ጋር «ላ ኛፓ» ተብሎ ኒው ኦርሊንስ ገባ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ መስተአምሩን ከቃሉ ጋር አጣብቀው «ላኛፕ» አሉት፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ አለፈ። ማርክ ትዌይን በ1883 በወጣው የሚሲሲፒ ወንዝ መጽሐፉ ላይ ይህን ቃል አግኝቶ በጣም ወዶታል፤ ለእሱ ሲባል ብቻ ወደ ኒው ኦርሊንስ መጓዝ ያዋጣል ባይ ነው። ቃሉ ከስፔኖች እንደመጣ ተነግሮታል፤ ከስፔኖች በስተጀርባ ስላሉት ግን አልሰማም። የእኔን ክርክር የሚፈትነው ይህ ጉዞ ነው፤ ቃል የሚሻገረው ሥራውን በያዘው ሰው በኩል ከሆነ ኒው ኦርሊንስ ላይ ማን ነበር የያዘው? መልሱ ትዌይን ራሱ በጻፈው ውስጥ አለ። እሱ እንዳየው ሱቅ የተላከ ልጅ ላኛፕ ሲጠይቅ የሚሰጠው የምትታኘክ የጣፋጭ ሥር ናት፤ የቤት ሠራተኛ ሲጠይቅ ርካሽ ሲጋር ወይም የክር ጥቅል ነው። አያችሁ፣ ከደንቦቹ አንዱ ተሰብሯል። የተሸጠው ሌላ፣ የተጨመረው ሌላ ነው። ድንች ሻጯ የምትጨምረው ድንች ነው፣ ሌላ የላትምና። ባለ ሱቁ ግን መደርደሪያ አለው፤ ለልጅ አንድ፣ ለሠራተኛ ሌላ፣ እንደ ሰውየው መርጦ ይሰጣል። ቃሉ ያንኑ ድምፅ ይዞ ሌላ ባለቤት አገኘ፣ ባለቤቱ ሲለወጥም ይዘቱ ተለወጠ። እዚያም ቢሆን ያሻገረው ባንኮኒው ነው።

በአገሩ ግን ቃሉ ከገበያም ወጥቶ ሰፍቷል። በአርጀንቲናና በኡራጓይ ከብት ጠባቂ ፈረሰኞች ከብት በሚጠልፉበት የጠፍር ገመድ ላይ የመጨረሻው፣ ከሁሉም የሚጠነክረው ክፍል ያፓ ይባላል። በዕለት ንግግር ደግሞ «ዴ ያፓ» የሚል ሐረግ አለ፤ በዚያ ላይ፣ እንደገና ደግሞ ማለት ነው። አስገራሚው ነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው በክፉ ነገር ላይ መሆኑ ነው። አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣ፣ ዴ ያፓ ሞልቶ መጣ። ዝናቡ አበሰበሰን፣ ዴ ያፓ መብራት ጠፋ። አማርኛ «ምራቂ»ን ለስላቅ ሲፈልግ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ የደግነት ቃል ለምሬት ይውላል። ይህ የቃሉ መበላሸት አይመስለኝም። ሰው በቃል መቀለድ የሚችለው ትርጉሙን ሁሉም ሰው ያለ ማብራሪያ ሲያውቀው ነው፤ ስለዚህ ስላቁ ራሱ ያፓ በስፓኒሽ ውስጥ ምን ያህል እንደተዋሐደ ይነግረናል። አዴአላ እንዲህ ያለ ቀልድ ሲወጣለት አይሰማም።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ የፍትሕ ጥያቄ ስለሆነ። ያፓን በመተማመን ስም ማወደስ ለማን ይጠቅማል? ዛሬ በሊማ ወይም በላ ፓዝ ገበያ ጥሩ ደመወዝ ያላት ገዢ ከንጋት በፊት ተነሥታ ጭነት ካመጣች ሴት ላይ ዋጋ አስቀንሳ፣ ዴ ያፓ ያፓም ጠይቃ ትሄዳለች። እዚያችው ከተማ ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን ያው ገዢ የተጻፈውን ዋጋ ዝም ብላ ትከፍላለች፤ ገንዘብ ተቀባይዋን መርቂልኝ አትላትም። ድሀዋ ትጨምር፣ ትልቁ ኩባንያ አይጨምር ማለት ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ የቅኝ ግዛቱ ዘመንም ቢሆን በዚህ ረገድ የተሻለ አልነበረም፣ ከሻጮቹ ላይ ያለ ዋጋ የሚወስድ ባለሥልጣን አይጠፋም ነበር። ቅርጫቱ በእሷ እጅ ነበር ስል ሥልጣኑ በእሷ እጅ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ሆኖም የሱፐርማርኬቱን ነገር ከሌላ ጎን እንየው። ገንዘብ ተቀባይዋ ያፓ የማትሰጠው ስስታም ሆና አይደለም፤ ዕቃው የእሷ ስላልሆነ ነው። መጨመር የሚችለው የራሱ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ማስታወቂያ ሠሪዎች ቃሉን ይወዱታል፣ ሁለት ለገዛ አንድ ያፓ እያሉ ይለጥፋሉ፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የታወጀ፣ ተቆጥሮ የተወሰነ ነገር ቅድም ካየናቸው ደንቦች ሁለቱን ያፈርሳል፤ ያ ቅናሽ ነው፣ የምጣኔ ሀብቱ ሰው እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ገበያ ውስጥ ግን ገዢዋ የቱንም ያህል ብትጠይቅ መጠኑን የምትወስነው ሻጯ ናት። ሦስት ፍሬ ልትጨምር ትችላለች፣ አንድ ትንሽ ልትጨምር ትችላለች፣ ዛሬ የለም ካሴሪታ ልትልም ትችላለች። ኪሎው ከጎደለ ገዢዋ ሚዛኑ ላይ አስመልሳ የመሟገት መብት አላት፤ ያፓዬ ጎደለ ብላ ግን የምትከስበት ዳኛ የለም።